ላውድነስ ሜትር ስትጽፉ የሚያጋጥሙ ችግሮች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ላውድነስ ሜትር፣ ማለትም ድምፅ ለጆሮ ምን ያህል ጎልቶ እንደሚሰማ በቁጥር የሚለካ ፕሮግራም፣ ሲያዩት ቀላል ሥራ ይመስላል። ሁለት ፊልተር፣ አንድ አማካይ፣ አንድ ሎጋሪዝም፣ አለቀ። ግን ኮዱ ውስጡ ቢበላሽም ቁጥር ማውጣቱን አያቆምም። -19 ቢላችሁም -24 ቢላችሁም ሁለቱም የሚታመን ይመስላል። ለዚህ ነው ስህተቱን በጆሮም በዓይንም ማግኘት የሚከብደው። ከታች ያሉት መልሶች አይቲዩ-አር ቢኤስ.1770 የሚባለውን መስፈርትና በእሱ ላይ የተሠራውን የአውሮፓ ብሮድካስተሮች ኢቢዩ አር 128ን ይከተላሉ። ንባቦቹ በላፍስ፣ ማለትም በላውድነስ መለኪያ አሃዱ፣ ናቸው። ኤልኬኤፍኤስ የሚሉትም ያው ነው።

ሜትሬ ልክ መሆኑን በምን ላረጋግጥ?

በሙዚቃ አይሆንም። የሙዚቃው ትክክለኛ መልስ ስንት እንደሆነ አስቀድማችሁ አታውቁም። ሌላ ፕሮግራም የሰጠውን ቁጥር ብታዩ ደግሞ፣ ያ ፕሮግራም የትኛውን የመስፈርቱን ስሪት እንደሚከተል ማጣራት ሊኖርባችሁ ነው። መልሱ የታወቀ ሲግናል ራሳችሁ ፍጠሩ።

1000 ኸርዝ ሳይን፣ ስቴሪዮ፣ በሁለቱም ቻናል ፒኩ (ከፍተኛው ጫፉ) -23 ዲቢኤፍኤስ (ዲጂታል ድምፅ ሊደርስበት ከሚችለው ጣሪያ በ23 ዲቢ ዝቅ ያለ)፣ ርዝመቱ 20 ሰከንድ። ሜትሩ -23.0 ማለት አለበት፤ የሚፈቀደው ልዩነት 0.1 ነው። ይሄ የኢቢዩ ቴክ 3341 የመጀመሪያው መፈተሻ ነው። ከዚያ ቀኙን ቻናል ዜሮ አድርጉትና እንደገና አስኪዱት። አሁን -26.0 ማንበብ አለበት።

እነዚህን ሁለቱን ሳታልፉ ጌቱን (ጸጥ ያሉ ክፍሎችን ከስሌቱ የሚያስወጣውን ደንብ) ወይም ስክሪን ላይ የሚታየውን መነካካት ጊዜ ማባከን ነው። ፈተናውን ከወደቃችሁም ችግር የለም። በስንት ዲቢ እንደወደቃችሁ እዩት፤ ብዙውን ጊዜ የተበላሸውን መስመር የሚያሳየው ልዩነቱ ራሱ ነው።

ልዩነቱ ሁሌም ያው ቁጥር ነው። ከምን ሊመጣ ይችላል?

በጣም ጥሩ፣ የማይለዋወጥ ስህተት ለማግኘት ቀላሉ ስህተት ነው። በዚያው በ-23ቱ ስቴሪዮ ሳይን እንሂድ።

-26.0 ካነበበ የቻናሎቹን ኃይል ደምራችሁ ለሁለት አካፍላችኋል። መስፈርቱ ድምር ነው የሚለው፣ አማካይ አይደለም። እያንዳንዱ ቻናል በጊዜ አማካዩ ይወሰዳል፣ ከዚያ ቻናሎቹ በየክብደታቸው ይደመራሉ። ማካፈል የለም።

-22.3 ካነበበ -0.691ን ረስታችኋል። ቀመሩ -0.691 ሲደመር 10 ጊዜ የድምሩ ሎግ 10 ነው። ይቺ ቁጥር ፊልተሩ 1000 ኸርዝ አካባቢ የሚጨምረውን ታካክሳለች።

-23.7 ካነበበ በተቃራኒው -0.691 አለ፣ ፊልተሩ ግን እየሠራ አይደለም። ተጽፎ ያልተጠራ ሊሆን ይችላል፤ ወይ ውጤቱ ወደ አንድ ባፈር ሄዶ ስሌቱ ከሌላ ባፈር እያነበበ ነው።

-45 አካባቢ ከሆነ በ10 ፈንታ በ20 አባዝታችኋል። ሳምፕሉን በራሱ አባዝታችሁ አማካዩን ከወሰዳችሁ በእጃችሁ ያለው ኃይል ነው፣ ለኃይል ደግሞ 10 ነው።

+67 ካለ ባለ16 ቢት ኢንቲጀሩን ለ32768 ሳታካፍሉ ነው ያስገባችሁት። የ90.3 ዲቢ ትርፍ ሌላ ምንጭ የለውም። ባለ24 ቢት ፋይል በ32 ቢት ኢንቲጀር ውስጥ ታጭቆ ሲመጣ፣ ቢቶቹ ወደ ላይ ይሁኑ ወደ ታች ካልተጣራ፣ 48 ዲቢ የሚሆን ልዩነት ይመጣል።

አሁን አንድ አደገኛ ነገር። ፊልተሩንም -0.691ንም አንድ ላይ ብትረሷቸው ሜትሩ ቀጥ ብሎ -23.0 ያነባል! ሁለቱ ስህተቶች 1000 ኸርዝ ላይ እርስ በርስ ስለሚጠፋፉ ፈተናው ያልፋል፣ ሙዚቃ ላይ ግን ቁጥሩ ገደል ይገባል። ስለዚህ በዚያው መጠን በሌላ ፍሪክዌንሲም ፈትሹ። 100 ኸርዝ ላይ ወደ -24.8፣ 10,000 ኸርዝ ላይ ወደ -19.7 መውጣት አለበት። ሦስቱም ቦታ ላይ -23.0 የሚል ሜትር ፊልተር የለውም፣ በቃ።

48 ኪሎኸርዝ ላይ ልክ ነው፣ 44.1 ላይ ግን ትንሽ ይስታል። ለምን?

መስፈርቱ ላይ ታትመው የሚገኙት የፊልተር ኮኤፊሸንቶች (ፊልተሩ ሳምፕሎቹን የሚያባዛባቸው ቁጥሮች) ለ48 ኪሎኸርዝ ብቻ ናቸው። በ1.53512485958697 የሚጀምረውን ረድፍ ቀድታችሁ በሌላ ሳምፕል ሬት (በሰከንድ በሚወሰዱ ሳምፕሎች ብዛት) ላይ ካዋላችሁት ፊልተሩ ቦታውን ይለቃል። 44.1 ላይ የመፈተሻው ሳይን ወደ -22.8 ከፍ ይላል፣ 96 ላይ ወደ -23.6 ይወርዳል። ትንሽ ስለሆነ ማንም ልብ አይለውም፤ እኔ ግን ከሁሉም የምፈራው ይሄን ነው፣ ምክንያቱም የሚፈተሸው ብዙ ጊዜ በ48 ፋይል ስለሆነ ስህተቱ ዓመታት ሊቀመጥ ይችላል።

መፍትሔው ኮኤፊሸንቶቹን ከሳምፕል ሬቱ ተነስቶ እንደገና ማስላት ነው። የመጀመሪያው ደረጃ ሃይ ሼልፍ (ከፍተኛ ፍሪክዌንሲዎችን የሚያጎላ ፊልተር) ነው፦ ማዕከሉ 1681.97 ኸርዝ፣ ጭማሪው 4 ዲቢ ገደማ፣ ኪዩው (የፊልተሩን ኩርባ ቅርጽ የሚወስነው ቁጥር) 0.7072። ሁለተኛው ሃይ ፓስ (ዝቅተኛ ፍሪክዌንሲዎችን የሚቀንስ ፊልተር) ነው፦ 38.135 ኸርዝ፣ ኪዩው 0.5003። ሊብኢቢዩአር128 የተባለው ክፍት ላይብረሪም እነዚህኑ ይዞ በባይሊኒየር (የአናሎግ ፊልተርን ወደ ዲጂታል በሚቀይር) ዘዴ ያሰላል። ካሰላችሁ በኋላ 48000 አስገቡና የታተመው ረድፍ መውጣቱን አረጋግጡ።

እዚህ ላይ አንድ ጥቃቅን ነገር አለች። የሃይ ፓሱ የላይኛው ረድፍ 1፣ -2፣ 1 ሆኖ እንዳለ ይቀመጣል፣ በኤ0 (በታችኛው ረድፍ የመጀመሪያ ቁጥር) አይካፈልም። አጠቃላይ የፊልተር ላይብረሪ ከተጠቀማችሁ ግን ያካፍልላችኋል፣ ንባቡም በ0.04 ዲቢ ዝቅ ይላል። ከ0.1 በታች ስለሆነ ፈተናውን አይጥልም፣ ቁጥር ለቁጥር ስታነጻጽሩ ግን ግራ ያጋባል።

ሜትሩ ትንሽ ሠርቶ ናን (ቁጥር ያልሆነ ውጤት) ያሳያል፣ ከዚያ አይመለስም።

ገና ሲነሳ ከፈነዳ የኤ1 እና የኤ2፣ ማለትም የፊልተሩ ያለፉት ውጤቶች የሚባዙባቸው ኮኤፊሸንቶች፣ ምልክት ተገልብጧል ማለት ነው። አንዳንድ ላይብረሪ እነዚህን ቀንሶ ይጠቀማል፣ አንዳንዱ ደግሞ ምልክታቸውን አስቀድሞ ቀይሮ ይደምራል። የታተሙት ኮኤፊሸንቶች፣ -1.69065929318241 እና 0.73248077421585፣ የሚቀነሱ ናቸው። ብትደምሯቸው እያንዳንዱ ሳምፕል ካለፈው በእጥፍ ስለሚበልጥ በጥቂት መቶ ሳምፕል ውስጥ ፍሎቱ ይሞላል።

ብዙ ሠርቶ ቆይቶ ከሆነ ግን ጥፋቱ የፊልተሩ ላይሆን ይችላል። ከሜትሩ በፊት ያለ ፕለጊን ወይም ዲኮደር አንድ ናን አሳልፏል። ፊልተሩ ያለፈውን ውጤት ስለሚያስታውስ አንዲት ናን ከገባች አትወጣም። መግቢያው ላይ ሳምፕሉ ጤነኛ ቁጥር መሆኑን ፈትሹ፣ ካልሆነ በዜሮ ተኩትና መዝግቡት። መተካት ብቻ ግን ጥሩ አይደለም። ምንጩን ካላገኛችሁት ነገም ይመጣል።

የባፈሩን መጠን ስቀይር ንባቡ ይቀየራል። ይሄ ጤናማ ነው?

አይደለም። ያው ፋይል በ64፣ በ512፣ በ4096፣ እንዲያውም በ1000 ሳምፕል ባፈር ቢገባ ውጤቱ አንድ መሆን አለበት። ይሄን ፈተና ኮዳችሁ ውስጥ በቋሚነት አስቀምጡት፣ ብዙ ጉድ ያወጣል።

አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ከሁለት ቦታ ነው። አንደኛው የፊልተሩ ሜሞሪ በየባፈሩ ወደ ዜሮ መመለሱ ነው። የፊልተሩ ሁኔታ ከፋይሉ መጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይቋረጥ መቀጠል አለበት፣ ለእያንዳንዱ ቻናልም ለየብቻ። ግራና ቀኝ አንድ ፊልተር ኦብጀክት ሲጋሩ አይቻለሁ፤ ሁለቱ ቻናል አንድ ዓይነት ሲሆን ስህተቱ እንደ ቀላል ይታያል፣ ስቴሪዮው ሰፋ ሲል ንባቡ ትርጉም ያጣል።

ሁለተኛው የሳውንድ ካርዱን ባፈር ከመለኪያው ብሎክ ጋር ማምታታት ነው። የመለኪያው ብሎክ 400 ሚሊሰከንድ ነው፣ በየ100 ሚሊሰከንዱ አዲስ ይጀምራል፣ ማለትም 75 በመቶው ይደራረባል። ሳውንድ ካርዱ በስንት ሳምፕል እንደሚጠራችሁ ከዚህ ጋር አይገናኝም። ቀላሉ አሠራር እንዲህ ነው፦ ከፊልተሩ የወጣውን ሳምፕል በራሱ አባዝታችሁ ወደ አንድ ማጠራቀሚያ ደምሩ። 4800 ሳምፕል ሲሞላ፣ በ48 ኪሎኸርዝ ማለት ነው፣ ድምሩን ቀለበት ውስጥ አስቀምጡና ማጠራቀሚያውን ባዶ አድርጉ። የመጨረሻዎቹ 4 ድምሮች ሞመንተሪውን (የ400 ሚሊሰከንዱን ንባብ)፣ የመጨረሻዎቹ 30 ሾርት-ተርሙን (የ3 ሰከንዱን) ይሰጧችኋል። 4800 በባፈሩ መሃል ከሞላ ባፈሩን እዚያው ላይ ሰንጥቁት፣ ቀሪውን ወደሚቀጥለው አሳልፉት። የባፈሩን ጅራት መጣል ወይም እስኪያልቅ ጠብቆ መቁረጥ ነው ንባቡን የሚያወዛውዘው።

ሞመንተሪውና ሾርት-ተርሙ ልክ ናቸው፣ ኢንተግሬትዱ (የጠቅላላው ፋይል ንባብ) ግን ከሌሎች ፕሮግራሞች ጋር አይገጥምም።

እንግዲያው ጌቱ ጋ ነን። ሞመንተሪና ሾርት-ተርም ጌት የላቸውም፣ ኢንተግሬትድ ግን ሁለት አለው። አሠራሩን በቅደም ተከተል መያዝ ያስፈልጋል። መጀመሪያ ከ-70 ላፍስ በታች ያሉ የ400 ሚሊሰከንድ ብሎኮች ይጣላሉ። ከተረፉት የኃይል አማካይ ይወሰዳል። ከዚያ አማካይ 10 ተቀንሶ ሁለተኛው ድንበር ይገኛል። ከዚህኛውም ድንበር በታች ያሉት ተጥለው፣ የቀሩት አማካይ እንደ አዲስ ይሰላል። መልሱ ይሄ የመጨረሻው ነው።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሥራው። ስቴሪዮ ሳይን፣ 10 ሰከንድ በ-36፣ 60 ሰከንድ በ-23፣ ከዚያ እንደገና 10 ሰከንድ በ-36። ትክክለኛው መልስ -23.0 ነው። የሁሉም የኃይል አማካይ -24.2 ይሆናል፣ ድንበሩ -34.2 ላይ ያርፋል፣ የ-36ቱ ክፍሎች ይወድቃሉ፣ የቀረው -23.0 ነው።

የእናንተ ኮድ -24.2 ካለ ሁለተኛው ጌት አልሠራም። ወይ ጨርሶ አልተጻፈም፣ ወይ ከ10 ይልቅ 20 ትቀንሳላችሁ። -26.25 ካለ ደግሞ ዲቢዎቹን ነው አማካይ የወሰዳችሁት። ይሄ በጣም የተለመደ ጥፋት ነው። ዲቢ ሎግ ስለሆነ ተደምሮ አይካፈልም። የብሎኮቹን ኃይል አስቀምጡ፣ አማካዩን በኃይል ሥሩ፣ ወደ ዲቢ የምትቀይሩት መጨረሻ ላይ አንዴ ብቻ ነው። ይሄኛውን ለብቻው መፈተሽ ከፈለጋችሁ 20 ሰከንድ በ-26፣ 20.1 ሰከንድ በ-20፣ 20 ሰከንድ በ-26 አስገቡ። ጌቱ እዚህ ምንም አይጥልም። ልክ የሆነ ኮድ -23.0 ይላል፣ ዲቢ የሚደምር ኮድ -24.0።

እነዚህን ሁሉ አልፋችሁ አሁንም ከሌላ ፕሮግራም ጋር ካልገጠማችሁ ያኛው የቆየ ሊሆን ይችላል። የ2006ቱ የመጀመሪያው ቢኤስ.1770 ጌት አልነበረውም። በ2010 የወጣው የመጀመሪያው አር 128 ድንበሩን በ8 ነበር የሚያወርደው። 10 የሆነው በ2011 ከቢኤስ.1770-2 ጋር ነው። አሮጌ መሣሪያ በእነዚያ ሕጎች ልክ ሆኖ ሳለ ከእናንተ ሊለይ ይችላል።

ሌላም አለ፦ ፋይሉ መጨረሻ ላይ 400 ሚሊሰከንድ የማይሞላ ቁራጭ ከተረፈ አይቆጠርም። በዜሮ ሞልታችሁ ብሎክ ካደረጋችሁት አጭር ፋይል ላይ ንባቡ ዝቅ ይላል።

ሙዚቃውን አቆምኩት፣ ኢንተግሬትዱ ግን ከቦታው አይነቃነቅም። ተሰቅሎ ነው?

አይደለም፣ ልክ ነው የሠራው። ዝምታው ከ-70 በታች ስለሆነ አይቆጠርም። የሚወርድ ቢሆን ኖሮ ነበር መጨነቅ። አዲስ መለኪያ ለመጀመር ግን ሪሴት ያስፈልጋል፣ ሪሴቱም የብሎኮቹን ታሪክ፣ የ100 ሚሊሰከንዱን ማጠራቀሚያና የፊልተሩን ሁኔታ ሦስቱንም ማጽዳት አለበት።

ዝምታ ላይ ሜትሩ ኢንፊኒቲ ይላል ወይም ፕሮግራሙ ይወድቃል።

የዜሮ ሎግ ነው። ኃይሉ ዜሮ ከሆነ ሎጉን አትጥሩት፣ ኔጌቲቭ ኢንፊኒቲ መልሱና ስክሪኑ ላይ ሰረዝ አሳዩ። አንዳንዶች ኃይሉ ላይ ትንሽ ቁጥር ይደምራሉ። አልወደውም፣ ምክንያቱም ቁጥሯ ትንሽ ከፍ ካለች የ-70ው ጌት አካባቢ ውጤቱን ታዛባለች። ሁሉም ብሎክ ከጌቱ በታች ሲሆን ለዜሮ ማካፈል እንዳይመጣም ተጠንቀቁ።

ሞኖ ፋይሌ ከስቴሪዮው በ3 ዲቢ ያንሳል። ያው ድምፅ አይደል እንዴ?

ድምፁ ያው ነው፣ የቻናሉ ብዛት ግን አይደለም። ቻናሎች ስለሚደመሩ፣ አንዱን ሞኖ በሁለት ቻናል ገልብጣችሁ ስትለኩት 3.01 ይጨምራል። ሜትሩ አልተሳሳተም። ሞኖው በሁለት ስፒከር እንደሚጫወት ካወቃችሁ ግን እንደ ሁለት ቻናል መቁጠር ምክንያታዊ ነው። ሊብኢቢዩአር128ም ሆነ የኤፍኤፍምፔግ የላውድነስ ፊልተር ለዚሁ ተብሎ ዱዋል ሞኖ የሚባል ምርጫ አላቸው። እናንተም ምርጫ አድርጉት። በድብቅ 3 ዲቢ መጨመር ግን ተጠቃሚውን ማሳት ነው።

5.1 (ባለ6 ቻናል) ላይ ቁጥሩ ይዘበራረቃል።

የቻናሎቹን ቅደም ተከተል እዩ። ዌቭ ፋይል ግራ፣ ቀኝ፣ መሃል፣ ኤልኤፍኢ (የወፍራም ድምፆች ቻናል)፣ ከዚያ የኋላዎቹን ሁለት ይዞ ይመጣል። ኤኤሲ በተባለው የድምፅ ፎርማት ውስጥ ደግሞ መሃሉ ነው የሚቀድመው። ኤልኤፍኢ ጨርሶ አይለካም፣ የኋላዎቹ ሁለቱ ኃይላቸው በ1.41 ይባዛል፣ የቀሩት በ1። ማባዣው የሚያርፈው ኃይሉ ላይ ነው፤ ሳምፕሉ ላይ ካደረጋችሁት 3 ዲቢ ይሆናል፣ የሚፈለገው ግን 1.5 ነው። መፈተሻው፦ ግራና ቀኝ በ-28፣ መሃል በ-24፣ የኋላዎቹ በ-30፣ መልሱ -23.0።

ሳምፕል ፒኩ ከዜሮ በታች ነው፣ ትሩ ፒኩ (የሞገዱ እውነተኛ ጫፍ) ግን ከዜሮ በላይ ይላል። የትኛውን ልመን?

ሁለቱም እውነት ናቸው። ሳምፕሎች ከሞገዱ ላይ የተወሰዱ ነጥቦች እንጂ ሞገዱ ራሱ አይደሉም፣ ጫፉ በሁለት ነጥቦች መሃል ሊያልፍ ይችላል። የሳምፕል ሬቱ ሩብ የሆነ ሳይን ውሰዱ፣ በ48 ኪሎኸርዝ 12,000 ኸርዝ ማለት ነው፣ ፌዙን 45 ዲግሪ አድርጉት። ሁሉም ሳምፕሎች ከእውነተኛው ጫፍ በ3.01 ዲቢ ዝቅ ብለው ይቀመጣሉ። ሳምፕል ፒክ የሚያየው ያንን ብቻ ነው።

ስለዚህ ቢያንስ በ4 እጥፍ ኦቨርሳምፕል አድርጉ (በሳምፕሎቹ መሃል ያሉ ተጨማሪ ነጥቦችን አስሉ)፣ ይሄ ለ48 ኪሎኸርዝ ነው፣ ለ96 2 እጥፍ ይበቃል። በነጥቦች መሃል ቀጥታ መስመር መሳብ ኦቨርሳምፕሊንግ አይደለም፣ ከሳምፕሎቹ በላይ ያለውን ጫፍ መቼም አያገኘውም። ደግሞ ትሩ ፒክ የሚለካው ከኬ ፊልተሩ (ከላይ ካየናቸው ሁለት ደረጃዎች) በፊት ካለው ሲግናል ነው። ከፊልተሩ በኋላ ካነበባችሁት ከፍተኛ ፍሪክዌንሲ ላይ 4 ዲቢ የሚጠጋ ትርፍ ታያላችሁ።

የኤልአርኤ (ላውድነሱ ምን ያህል እንደሚለዋወጥ የሚያሳየው) ቁጥሬ ከሌሎች ይለያል።

የኢንተግሬትዱን ጌት ነው የተጠቀማችሁት። ኤልአርኤ የሚሠራው ከ3 ሰከንዱ ሾርት-ተርም ነው፣ የመጀመሪያ ጌቱ ያው -70 ሆኖ ሁለተኛው በ10 ሳይሆን በ20 ነው የሚወርደው። ከዚያ ከ10ኛው እስከ 95ኛው ፐርሰንታይል ያለው ርቀት ይወሰዳል።

ረጅም ቀረጻ ላይ ድምፁ መቆራረጥ ይጀምራል።

ሜሞሪ አለቀ ብላችሁ አትሩጡ። በሰከንድ 10 ብሎክ፣ በሰዓት 36,000 ነው። በደብል (ባለ8 ባይት ቁጥር) ቢቀመጥ 288 ኪሎባይት ገደማ ይሆናል፣ ኢምንት ነው። ችግሩ ዝርዝሩ በኦዲዮ ትሬዱ (ድምፁን በሰዓቱ በሚያስኬደው የፕሮግራሙ ክፍል) ውስጥ ሲያድግ ሜሞሪ መጠየቁ፣ በየ100 ሚሊሰከንዱም ጠቅላላው ታሪክ እንደገና መደመሩ ነው። ሂስቶግራም ተጠቀሙ። ከ-70 እስከ +5 ያለውን በ0.1 ከፋፍሉት፣ 750 ሳጥን ይሆናል፣ በየሳጥኑ ስንት ብሎክ እንደገባ ቁጠሩ። ቀረጻው አንድ ሰዓት ይሁን አንድ ሳምንት ስሌቱ 750 ሳጥን ላይ መዞር ብቻ ይሆናል። ስሌቱን ከኦዲዮ ትሬዱ አውጥታችሁ ስክሪኑ በሚታደስበት ብታደርጉት ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው።

ፍሎት ይበቃል ወይስ ደብል ልጠቀም?

ለሳምፕሎቹ ፍሎት ይበቃል። ለፊልተሩ ግን ደብል አድርጉት። የሃይ ፓሱን ኮኤፊሸንቶች ተመልከቱ፦ 1 ሲቀነስ 1.99004745 ሲደመር 0.99007225፣ የሚቀረው 0.0000248 ብቻ ነው። የ38 ኸርዙ ቦታ የሚወሰነው በዚህች ትራፊ ነው። ባለ32 ቢት ፍሎት 1.99 አካባቢ መለየት የሚችለው በ0.00000012 እርምጃ ስለሆነ ትራፊዋ ወዲያው ትሸራረፋለች። 48 ኪሎኸርዝ ላይ ጉዳቱ ትንሽ ነው። 192 ላይ ግን ትራፊዋ ወደ 0.0000016 ስለምትወርድ አንዲት እርምጃ ብቻ 8 በመቶ ገደማዋን ትነካለች፣ ፊልተሩም ከ38 ኸርዝ ይንሸራተታል። ረጅም ድምሮችንም በደብል ያዙ።